በኬይ ዳገት ላይ የተሰጠ ሰላምታ

በዱትዋ መንገድ ላይ ቮልስ ያለው ሰው ባይተዋር አይባልም። ከፊት ለፊቱ ሌላ ቮልስ ሲመጣ ካየ መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ ያደርጋል፤ እጁንም ከመሪው ላይ ያነሳል። የሚመጣውም እንዲሁ ያደርጋል። ይተዋወቁ አይተዋወቁ፣ ቀብር ይሂዱ ሠርግ ይሂዱ፣ ይህ ሰላምታ አይቀርም። ኖዙኮ መኪናዋን የገዛች ሰሞን በዚህ ታፍር ነበር። ሰዎቹ ከእሷ በፊት የነበሩትን ባለቤት ሰላም የሚሉ እየመሰላት፣ የሰው ሰላምታ የምትሰርቅ ያህል ይሰማት ነበር።

መኪናዋን የሸጡላት ጡረተኛ መምህር ናቸው። ቁልፉን ሲያስረክቧት ሁለት የሞተር ቺንጋ ጨምረው ሰጧት።

“አንዱ ያንቺ ነው” አሏት።

“ሁለተኛውስ?”

“ሁለተኛው የመንገድ ነው። ባለቤቱን ገና አታውቂውም።”

ከዚያ ሕጉን ነገሯት። “የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ ቮልስ ካየሽ ከሩቅ ሁለት ጊዜ ብልጭ አድርጊለት። ‘አይቼሃለሁ፣ መጣሁልህ’ ማለት ነው። የማትቆሚ ከሆነ ግን ብልጭ አታድርጊ። ዝም ብለሽ እለፊ፣ ያንቺና የእግዜር ጉዳይ ነው።”

ኖዙኮ ሕጉን ያዘች። ብዙ ጊዜም ቆማለች። በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገንፎ ስታማስል የዋለች ክንዷ ብሎን ለማላላት አያንስም፤ ቺንጋ መቀየርም ተምራለች። በዚያ መንገድ ላይ “የእኛ ሰው” ሲባል እሷም አንዷ ነበረች። ልጇን ለብቻዋ ላሳደገች፣ ዘመድ ላነሳት ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ቀን ልጇ ሊንዴካ ሞንቲ ከተማ ካለው የነርሶች ትምህርት ቤት ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ቀጠሮው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ መንገዱም ለቮልስ ሩቅ ነው። ኖዙኮ ሌሊቱን አልተኛችም። የልጇን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ ተኮሰች። ጎማዎቹን በእግሯ መታ መታ አደረገች። በሩን ቆልፋ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ገብታ ምድጃው መጥፋቱን አየች።

“እማዬ፣ ቤቱ አይቃጠልም” አለቻት ሊንዴካ። “የሚቃጠለው ሰዓቱ ነው።”

እውነቷን ነበር። የኬይ ወንዝ ድልድይ ጋ ሲደርሱ መንገድ እየተጠገነ ኖሮ ቀይ ባንዲራ የያዘች ሴት አቆመቻቸው። ከፊታቸው የጭነት መኪና፣ ከኋላቸው የጭነት መኪና። ኖዙኮ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

“እህቴ፣ ልጄ ቃለ መጠይቅ አላት።”

“እኔም ልጆች አሉኝ እናቴ” አለች ባለባንዲራዋ። “አንዳቸውም ድልድዩን አልሠሩልኝም።”

በመጨረሻ ተለቀቁ። ከድልድዩ ማዶ ቮልስ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣው ጠመዝማዛ ዳገት ይጀምራል። ኖዙኮ ቀና ስትል ከበላይዋ ባለው መታጠፊያ አንድ አረንጓዴ ቮልስ የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። አጠገቡ ፒካፕ ቆሞ፣ ሾፌሩ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ያወራል። የኖዙኮ እጅ ልቧን አላማከረም። መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረገው።

ሽማግሌው አዩዋት። ባርኔጣቸውን አውልቀው ከፍ አደረጉ። ቀጥሎ የፒካፑን ጣሪያ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ሾፌሩን አሰናበቱት። ፒካፑ ሄደ።

ኖዙኮ ዳገቱን ወጥታ መታጠፊያው ጋ ደረሰች። ሰዓቷን አየች። ሽማግሌው የተበጠሰውን ቺንጋ እንደ ሞተ እባብ አንጠልጥለው ፈገግ እያሉ ወደ መንገዱ ዳር መጡ። በአረንጓዴው ቮልስ የፊት ወንበር ላይ ብርድ ልብስ የደረቡ አሮጊት ተቀምጠዋል፤ ፊታቸውን ወደ ኖዙኮ መኪና ድምፅ አዙረዋል። ቁሚ፣ አለች ኖዙኮ በሆዷ። ወዲያው ደግሞ ሊንዴካ ዕድሉ አምልጧት ከመንገድ ዳር ቲማቲም ስትሸጥ ታየቻት፤ ጎረቤቶቿም “ያቺ ነርስ ልትሆን የነበረችው” ሲሏት ሰማች። እግሯ ነዳጁን ረገጠ። እጇን አነሳች፤ መንገድ ላይ ሰላም እንደሚባባሉ ሰዎች ፈገግ ብላ አለፈች።

በመስታወቱ ስታይ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን እንዳነሱ ነበሩ። ፈገግታቸው ገና አልጠፋም ነበር።

“እማዬ፣ ቺንጋ እኮ ነው የያዙት” አለች ሊንዴካ።

“ሰላም ነው ያሉን።”

“በተበጠሰ ቺንጋ?”

“ሌላ መኪና ይመጣላቸዋል። መንገዱ ሙሉ ነው።”

“የመጣውንማ አንቺን አይተው አሰናበቱት።”

ኖዙኮ ማርሽ ቀየረች። ዳገቱ ሊያልቅ ሲል ሊንዴካ እንደገና ተናገረች። “ቺንጋው ከወንበርሽ ሥር ነው። በመስኮት ብትወረውሪላቸው እንኳ ይበቃ ነበር።”

ኖዙኮ ይህ ጭራሽ አልታሰባትም ነበር። መወርወር የሚፈጀው አንድ ትንፋሽ ነው። አሁንም መመለስ ይቻላል። ግን መኪና ማዞሪያ ፍለጋ፣ ቁልቁለት፣ እንደገና ዳገት… ይህን እያሰበች መንገዱ ራቀ፤ እየራቀ ሲሄድም መመለሱ ይበልጥ ከበዳት።

በሰዓቱ ደረሱ። በር ላይ ያለው ዘበኛ “ፈታኞቹ ገና አልመጡም፣ ተቀመጡ” አላቸው። ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ተቀመጡ። ኖዙኮ ከቤት በዘይት የጠበሰችውን የአማግዊኛ ዳቦ ከወረቀቱ ፈታች፤ ሊንዴካ አልበላም አለች። ኖዙኮም አንዱን ቆርሳ መልሳ ጠቀለለችው። ማታ ሲመለሱ መታጠፊያው ባዶ ነበር። “አየሽ፣ ሰው ረድቷቸዋል” አለች ኖዙኮ። ሊንዴካ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሊንዴካ አለፈች። ሰፈሩ እልል አለ። እሑድ በቤተ ክርስቲያን ኖዙኮ ምስክርነት ልትሰጥ ተነሳች። “እግዚአብሔር መንገዱን ጠረገልን” ብላ ጀመረችና ከፍ ያለች ባርኔጣ ታየቻት። ምስጋናውን ሳትጨርስ ቀረች። ሰዎቹ ደስታ ነው ብለው መዝሙር አነሱላት፤ እሷም ተቀመጠች።

የዱትዋ የቮልስ ባለቤቶች በየወሩ አንድ እሑድ ከከብት ጨረታው ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። ሥጋ ይጠበሳል፤ የሞተር ወሬ ይወራል፤ ሰው ይታማል። ሊንዴካ ትምህርቷን ልትጀምር ጥቂት ሲቀራት እናትና ልጅ አብረው ሄዱ። ሉንጊሳ የሚባለው ጎማ ጠጋኝ ገና ሳይወርዱ ጀመረ።

“ማምቶሎ” አላት በጎሳዋ ስም፣ “ይህቺ መኪናሽ ዛሬም ታፏጫለች። ባል ፍለጋ ነው?”

“አንተ ካለህበት ሜዳ ባል የሚፈልግ የቸገረው ነው።”

ሜዳው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ አንድ ፒካፕ መጣ። የወረዱት ሽማግሌ የጋትያናው ጆላ ነኝ አሉ፤ አሮጌ የቮልስ ሞተር የሚሸጥ ሰው ፍለጋ ነው የመጡት። ኖዙኮ ባርኔጣቸውን ከፊታቸው በፊት አወቀችው። በፒካፑ ውስጥ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፤ አንድ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል።

“የድሮ ሞተርዎን ማን ገደለው?” አለ ሉንጊሳ።

“ራሴ። ያለ ቺንጋ ነዳሁት።”

“ጆላ፣ በእርስዎ ዕድሜ ሱሪ እንኳ ያለ ቀበቶ አይሆንም።”

ጆላ ከሁሉም በላይ ሳቁ። ሥጋ ተሰጣቸውና እየበሉ ነገሩን አወሩ። “እህቴ ኖላስት ለዓይኗ ቀዶ ጥገና ቀን ተቆርጦላት ነበር። ስንት ጠብቀን ያገኘነው ቀን ነው። የኬይ ዳገት ላይ ቺንጋዬ ተበጠሰ። መለዋወጫውን ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ለአንድ መንገደኛ ሰጥቼው ነበር። አንድ ልጅ በፒካፕ ‘ልውሰዳችሁ’ አለኝ። ከታች ነጭ ቮልስ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለችልኝ። ‘ሂድ ልጄ፣ የእኛ ሰው መጣልኝ’ ብዬ በገዛ እጄ አባረርኩት። ቮልሷ መጣች፤ እጇን እንዲህ አደረገችና” ጆላ እጃቸውን እንደ ንግሥት አወዛወዙ፣ “ሰላም ብላኝ አለፈች። እኔ ባርኔጣዬን ዘርግቼ ቀረሁ። የቤተ ክርስቲያን መባ ሰብሳቢ መሰልኩ።”

ሰዎቹ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ዋጡ።

“ከዚያ ወዲያ ማንም አልቆመም። ቀኑ ከሚያመልጣት ብዬ አስነስቼ ነዳሁ። ማራገቢያው ስለማይዞር ሞተሩ ዳገቱ ጫፍ ላይ ጨሰና ሞተ።”

“ሐኪሞቹስ?”

“ሐኪሞቹ ምን ያድርጉ? በቦታዋ ሌላ ሰው ገባ። እኛ እንደገና ከሰልፉ ጭራ ነን። ያኔ ጥላ ጥላ ይታያት ነበር። አሁን የፈላ ውኃ ከስኒው ውጭ ቀድታ እጇን ተቃጥላለች።”

“ሾፌሯን አላዩዋትም?”

“ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ነበረች። እጅ ብቻ ነው ያየሁት።”

“የሞንቲ ሰው ናት” አለ ሉንጊሳ ቆርጦ። “የሞንቲ ሰው ቮልስ የሚገዛው ፎቶ ሊነሳበት ነው።”

“እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት” አሉ ጆላ። “የእኛ ሰውማ እንዲህ አያደርግም።”

በዚያ ሜዳ ከነጭ ሌላ ቮልስ ብዙም አልነበረም። ማንም ግን ወደ ማንም አላየም። እንዲህ ነበር የሚተማመኑት። ሉንጊሳ ሥጋ እያገላበጠ፣ “አይደለም እንዴ ማምቶሎ?” አለ።

“ነውር ነው” አለች ኖዙኮ።

ሊንዴካ ሳህኗን ሣሩ ላይ አስቀምጣ ወደ መኪናዋ ሄደች።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ “ነውር ነው ያልሽው ማንን ነው?” ብላ ጠየቀቻት።

“ለአንቺ ብዬ ነው ያለፍኩት።”

“አውቃለሁ። የከበደኝ እሱ ነው። ያን የነርስ ነጭ ልብስ በለበስኩ ቁጥር የሴትዮዋ ዓይን ትዝ ሊለኝ ነው።”

ከዚያ ወዲህ ኖዙኮ የጋትያና መንገድ አበዛች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎመንና የተፈተገ በቆሎ ይዛ ትሄዳለች። የእማማ ኖላስትን ቁስል ታጥባለች፤ ጤና ጣቢያ ታደርሳቸዋለች፤ ትመልሳቸዋለች። ጆላ ለጎረቤት ሁሉ “የእኛ ሰው ማለት ይህቺ ናት” እያሉ ያሳዩዋታል። እማማ ኖላስት ሲመርቋት ቀና ብላ አሜን ማለት አትችልም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በዚያ ቤት ግን የተወጉት እየሳቁ ሻይ ይቀዱላታል፤ የማትረሳው የወጋችው ነበረች። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብላ ትነሳለች፤ ምርቃቱን ስትሰማ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ታሳድረዋለች። ጎመኑን ባበዛች መጠን መናገሩ ይበልጥ ይከብዳት ጀመር። አሁንማ ብትናገር ያ ሁሉ ደግነት ጉቦ ሊመስል ነው። ደግሞስ ጉቦ አልነበረም ወይ?

ክረምቱ አልፎ አዲስ የቀዶ ጥገና ቀን ተሰጠ። ጆላ ሞተር ገና አላገኙም። “እኔ እወስዳችኋለሁ” አለች ኖዙኮ።

ጎህ ሲቀድ ተነሱ። እማማ ኖላስትን ትራስ ደግፋ በኋላ ወንበር አስቀመጠቻቸው። ቮልስ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ እዚያ የተቀመጠ ሰው በሞተሩ ጩኸት የፊተኞቹን ወሬ አይሰማም። ድልድዩ ተሠርቶ አልቋል፤ ያቆማቸው ሰው የለም። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ጀመሩት። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ጆላ በጣታቸው አመለከቱ።

“እዚህ ነበር።”

“አውቃለሁ” አለች ኖዙኮ።

“እንዴት ታውቂያለሽ?”

“ያቺ ነጭ ቮልስ ይህቺ ናት። የሞንቲ ሰው አይደለችም፣ እኔ ነኝ። ብልጭ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ቺንጋም ነበረኝ።”

እግሯ ከነዳጁ ላይ ተነስቶ ኖሮ መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጆላ ፊት ለፊት እያዩ ነበር።

“ሞተሩ ሊጠፋብሽ ነው” አሉ። “ማርሽ ቀንሺ።”

ቀነሰች። “ልቁም ጆላ? ቆሜ ይቅርታ…”

“እንዳትቆሚ። ዛሬ እህቴ ቀጠሮ አላት። ንጂ።”

ነዳች። ከዳገቱ ጫፍ ላይ አንድ ሰማያዊ ቮልስ ከፊታቸው መጣ፤ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ፤ ሾፌሩም እጁን አነሳ። ኖዙኮ እጇን ከመሪው ማላቀቅ አቃታት። ጆላም አላነሱም። ሰማያዊው ቮልስ መልስ ሳያገኝ ቁልቁል ወረደ።

ሆስፒታሉ ጋ በጊዜ ደረሱ። እማማ ኖላስት “አብስሉኝ እንጂ አታቃጥሉኝ” እያሉ ሐኪሞቹን እያሳቁ ገቡ። ጆላ በአግዳሚው አንደኛው ጫፍ ተቀመጡ፤ ኖዙኮ በሌላው። ሻይ ገዝታ መሐል አስቀመጠችላቸው። አልነኩትም።

“ያን ቀን ወዴት ነበር?” አሏት።

“ልጄ ቃለ መጠይቅ ነበራት።”

“ለነርስነቱ?”

“አዎ።”

“ደረሰች?”

“ደረሰች። ፈታኞቹ ግን ዘግይተው ነው የመጡት። ብቆምም ትደርስ ነበር።”

ጆላ በአፍንጫቸው ተነፈሱ። “ባትደርስስ ኖሮ? ያኔ ልክ ነበርሽ?”

ኖዙኮ በየሌሊቱ ይህንኑ ራሷን ትጠይቃለች፤ ልጇን አስባ አዎ ትላለች፣ አሮጊቷን አስባ አይ ትላለች።

“ሜዳው ላይ ነውር ነው ያልሽው አንቺ ነሽ” አሉ ጆላ።

“እኔ ነኝ።”

“ከዚያ ወዲህ አገር ለአገር ስምሽን በመልካም ሳነሳ ከርሜያለሁ። እሱን ምን ላድርገው?”

“አላውቅም ጆላ።”

“እኔም አላውቅም።” የቀዘቀዘውን ሻይ አንስተው አንዴ ተጎነጩለትና አስቀመጡት። “ለእኔ ነገርሽኝ። ዓይኑ ግን የእኔ አልነበረም፤ የተቃጠለውም እጅ የእኔ አይደለም። ነገ ፋሻው ሲነሳ ለእሷ ራስሽ ትነግሪያታለሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጨለማዋ ውስጥ ድምፅ ብቻ ሆነሽ መጥተሻል። አሁን ፊትሽን እያየች ትስማሽ።”

በማግሥቱ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን አነሳች። እማማ ኖላስት አንድ ዓይናቸውን ደጋግመው ጨፍነው ገለጡ። መጀመሪያ መስኮቱን አዩ፣ ቀጥሎ ጠባሳ ያለበትን እጃቸውን፣ ቀጥሎ ወንድማቸውን።

“ይህን ባርኔጣ አድርገህ ነው ሰው ፊት የምትቆመው?” አሉ። “እኔስ አላይም ነበር፣ አንተም መስታወት የለህም?”

ነርሷ ሳቀች። ጆላ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉበት።

“ይህቺስ ማን ናት?”

“ማምቶሎ ናት” አሉ ጆላ። “የምትነግርሽ ነገር አላት።” ይህን ብለው ወደ መስኮቱ ሄደው ጀርባቸውን ሰጡ።

“ማምቶሎ? ነይ እስቲ ቅረቢ። በድምፅሽ ወፍራም ሴትዮ አድርጌሽ ነበር፤ አንቺ ለካ አጥንት ብቻ ነሽ። የእኛን ቤት ስትመግቢ ራስሽ ሳትበዪ ቀርተሽ ነው?” የኖዙኮን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። “ምነው ታለቅሻለሽ? ዓይኑ እኮ ዳነ።”

ኖዙኮ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጎንበስ ልትል ነበር፤ ተወችው፤ ፊቷን ቀና አደረገች።

“እማማ” አለች፣ “ያን ጊዜ ዳገቱ ላይ ቺንጋችሁ ሲበጠስ፣ ከታች መብራት ብልጭ ያደረገችው ሴት…”

እማማ ኖላስት መጀመሪያ ፈገግ እንዳሉ ያዳምጡ ነበር። ወሬው ጥቂት እንደሄደ እጃቸውን ከኖዙኮ እጅ አውጥተው ብርድ ልብሱ ላይ አኖሩት። ዓይናቸውን ግን ከፊቷ ላይ አላነሱም። ኖዙኮ ፈታኞቹ መዘግየታቸውንም፣ ሜዳው ላይ ያለችውንም፣ ጎመኑንም ሳታስቀር እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው።